በትንሽ የጣሊያን ከተማ የልውውጥ ተማሪ ለመሆን፦ ኡርቢኖን ለምሳሌ

የልውውጥ ትምህርት ዕድል ሲገኝ የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ሚላንና ሮም ላይ ነው። እኔ ግን ትንሽ ከተማ ምረጡ እላለሁ። ኑሮው ይቀላል፣ ጣሊያንኛውም ቶሎ ይለመዳል። ለምሳሌ ኡርቢኖን እንውሰድ። በማርኬ ክልል፣ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች፣ ነዋሪዋ 15 ሺህ የማይሞላ ከተማ ናት። ሠዓሊው ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1483 የተወለደው እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲዋም ከ1506 ጀምሮ አለ።

1. ከግቢያችሁ ጀምሩ

የልውውጥ ተማሪን የሚልከው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግቢያችሁን የውጭ ግንኙነት ቢሮ አንኳኩ። የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም በሆነው በኢራስመስ ፕላስ ወይም በሌላ ፕሮግራም ከየትኛው የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት እንዳለ ጠይቁ። በኢራስመስ ፕላስ ከኢትዮጵያም ተማሪ መላክ ይቻላል።

ስትመረጡ የምትወስዷቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበት ሰነድ ትፈርማላችሁ። ሙሉ ሴሚስተር 30 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘት ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁ አሳዩ፤ ስትመለሱ እንደሚያዝላችሁም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» መባሉ አይበቃም።

2. ቋንቋውን አገር ቤት ጀምሩ

ትንሽ ከተማ ውስጥ አከራዩም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ፋርማሲውም የሚያናግራችሁ በጣሊያንኛ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ የጣሊያን የባህል ተቋም ኮርስ ይሰጣል።

3. ቪዛና ቤት

ከ90 ቀን በላይ የምትቆዩ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ «ዲ» የሚባለው የትምህርት ቪዛ ነው። ቤት መፈለግ ደግሞ ከጁላይ ሳያልፍ ጀምሩ፤ በኦገስት አብዛኛው ጣሊያን እረፍት ላይ ነው። ቅድሚያ ለዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አመልክቱ። ኡርቢኖ ውስጥ አርክቴክቱ ጃንካርሎ ዴ ካርሎ የነደፋቸው ማደሪያዎች አሉ፤ ከከተማው ግንብ ውጭ ሌላ ኮረብታ ላይ ስለሆኑ ዳገቱን ልመዱት። ከግለሰብ ስትከራዩ «ሲንጎላ» ለብቻ የሚያዝ ክፍል ነው፤ «ዶፒያ» ለሁለት የሚጋሩት ነው። ውሉን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ።

ሻንጣ ውስጥ ቅቤና ቋንጣ አትክተቱ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይችልም፤ ይወረስባችኋል። በርበሬና ሽሮ ያዙ። ዲሴምበር ላይ በረዶ ሊጥል ስለሚችል ወፍራም ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል።

ኡርቢኖ ባቡር አይገባም። በቦሎኛና አንኮና መስመር ፔዛሮ ወርዳችሁ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። ማታ የምትደርሱ ከሆነ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ቀድማችሁ እዩ።

4. የመጀመሪያዎቹ 8 የሥራ ቀናት

የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ በገባችሁ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ መግባት አለበት። ፖስታ ቤት ሂዱና «ኪት» በሉ፤ ቅጾቹ በነጻ ይሰጣሉ። የ16 ዩሮ ቴምብር፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የኢንሹራንስና የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ያስፈልጋል። የሚሰጣችሁን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቁት። ከዚያ ለጣት አሻራ ፖሊስ ጋ በቀጠሮ ትሄዳላችሁ።

«ኮዲቼ ፊስካሌ» የሚባለውን የግብር መለያ ቁጥርም ቶሎ አውጡ፤ ነጻ ነው። ለቤት ውልም ለስልክ ሲም ካርድም ይጠየቃል። የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከ2024 ወዲህ ለውጭ ተማሪ በዓመት 700 ዩሮ ነው። ክፍያው እስከ ዲሴምበር 31 ብቻ ስለሚያገለግል በሴፕቴምበር ለሚመጣ ሰው አያዋጣም። ለአንድ ሴሚስተር የግል ኢንሹራንስ ይሻላል።

5. ፈተናው

ከአገራችን በጣም የሚለየው ይሄ ነው። ብዙ ፈተና በቃል ነው። መምህሩ ፊት ትቀመጣላችሁ፣ ሌሎች ተማሪዎች ከኋላ ሆነው ይሰማሉ። ውጤት ከ30 ይሰጣል፤ ማለፊያው 18 ነው። እኛ መጻፍ እንጂ አፍ አውጥቶ ማስረዳት ብዙም አልለመድንም። ስለዚህ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ ያጠናችሁትን ጮክ ብላችሁ፣ ለጓደኛ እያስረዳችሁ ተለማመዱ። ሌላው ሰው ሲፈተን ገብታችሁ አድምጡ፤ መምህሩ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወድ የምታውቁት እንደዚያ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በብዙ ኮርስ ክፍል ለሚገባና ለማይገባ ተማሪ የሚሰጠው የንባብ ዝርዝር ይለያያል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለፈተናው ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ በኢንተርኔት መመዝገብ ግድ ነው። በውጤቱ ካልረካችሁ ብዙ መምህራን ውጤቱን ትታችሁ በሌላ ቀን እንድትፈተኑ ይፈቅዳሉ። ግን የመመለሻ ትኬታችሁ ከዚያ ቀን በፊት እንዳይሆን።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውጤታችሁ በሙሉ መመዝገቡን ሳታዩ ከተማዋን አትልቀቁ። ማስረጃው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ሲላክ ለእናንተም ቅጂ እንዲደርሳችሁ ጠይቁ።