የአረጋውያንን ኑዛዜ ለሚያዘጋጅ ጠበቃ፦ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ሰነዱ መቀመጫ

በልደታ ፍርድ ቤቶች ዙሪያ፣ በፒያሳ ወይም በካዛንቺስ አነስተኛ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ጠበቃ ሥራውን በየትኛውም ዓይነት ጉዳይ ቢጀምር፣ ውሎ አድሮ አረጋውያን ወደ ቢሮው መምጣታቸው አይቀርም። አንዳንዶቹ ኑዛዜ ለማጻፍ፣ ሌሎቹ ቤታቸውን ለልጅ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ የቀሩት ደግሞ ውክልና ለመስጠት ይመጣሉ። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ጠበቃ እንዲጠቀምበት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ወላጆቹን ወደ ጠበቃ ሊወስድ ያሰበ ሰውም ምን መጠየቅ እንዳለበት ሊረዳበት ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር፣ ክፍያውን ማንም ይክፈል፣ ቀጠሮውን ማንም ይያዝ፣ ደንበኛው አረጋዊው ራሱ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 857 ኑዛዜ የተናዛዡ የራሱ የግል ሥራ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ማንም ሰው በሌላ ሰው ስም ሊናዘዝ አይችልም። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ድንጋጌ የሚነሣ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ብዙውን ጊዜ እናት ወይም አባት ብቻቸውን አይመጡም። ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም ጎረቤት ደግፎ ያመጣቸዋል፤ ገና ወንበር ሳይያዝም የሚናገረው እርሱ ይሆናል። «እናቴ ቤቱን ለእኔ ልታወርሰኝ ወስናለች፣ ወረቀቱን ብቻ አዘጋጅልን» ሲል እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዝም ካሉ፣ ጠበቃው ማስታወሻ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ልጁን በአክብሮት ማስወጣት አለበት። «ወንድሜ፣ ከእናትህ ጋር ለብቻችን ጥቂት እንነጋገር፤ ሥራው የሚጠይቀው ስለሆነ ቅር እንዳይልህ» ማለት ይበቃል። ልጁ እምቢ ካለ ሥራውን አለመቀበል ይሻላል፤ በሌላ ሰው ፊት የተነገረ ኑዛዜ ነገ በግፊት የተገኘ ነው ተብሎ ሲከሰስ ጠበቃው ራሱ ለተናዛዡ ነፃ ፈቃድ ሊመሰክር አይችልምና።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚቀርቡት ጥያቄዎች መልሱን በውስጣቸው የያዙ መሆን የለባቸውም። «ቤቱን ለታላቁ ልጅዎ ነው አይደል የሚሰጡት?» ብሎ መጠየቅ ጨርሶ አይገባም። «እማማ፣ ዛሬ ወደ እኔ ያመጣዎት ጉዳይ ምንድን ነው?»፣ «ልጆችዎ እነማን ናቸው፣ የት የት ይኖራሉ?»፣ «ያለዎት ንብረት ምን ምን ነው፣ ከማን ጋር ነው ያፈሩት?»፣ «ከእርስዎ በኋላ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? ለምን?» እያሉ በዝግታ መጠየቅና መልሱን በራሳቸው አነጋገር፣ ቀንና ሰዓት ጨምሮ፣ መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ዕድሜ ብቻውን ችሎታን አይቀንስም፤ የዘጠና ዓመት አዛውንት የልጆቻቸውን ስም፣ የንብረታቸውን ዓይነትና የሚፈልጉትን ክፍፍል ለይተው ከተናገሩ ሊናዘዙ ይችላሉ። መልሱ ከተምታታ ግን ሥራውን ለሌላ ቀን፣ በተለይም ለማለዳ፣ ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ደም ግፊት አእምሮአቸውን የነካቸው ወይም የመርሳት ሕመም የጀመራቸው ከሆነ፣ ኑዛዜው በሚደረግበት ሰሞን ከሚከታተላቸው ሐኪም የጽሑፍ ማስረጃ መውሰድን እመክራለሁ። ሕጉ እንዲህ ዓይነት ማስረጃ በግድ ይቅረብ አይልም፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ግን የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም።

የተናዛዡ ድርሻ የቱ ነው?

ኑዛዜን ከሚያበላሹት ምክንያቶች መካከል እኔ ግንባር ቀደም የምለው፣ ሰው የራሱ ያልሆነውን ማውረሱ ነው። በመሆኑም ስለ ክፍፍሉ ከመነጋገር በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ባል ወይም ሚስት ሞተው ከሆነ ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ማየት ግዴታ ነው።

በማዕከላዊ አዲስ አበባ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጉዳይ የሚከተለውን ይመስላል። አንዲት እናት ከባለቤታቸው ጋር በጋብቻ ውስጥ አራት ኪሎ ቤት አፍርተዋል፤ ካርታው በባልየው ስም ብቻ ነው፤ ባልየው ከብዙ ዓመት በፊት ቢሞቱም ውርሱ ሳይጣራና ሳይከፈል ቆይቷል። እናትየው ቤቱ ሁሉ የእሳቸው እንደሆነ ያምናሉ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ግን ባልና ሚስት በጋብቻ ያፈሩት ንብረት የጋራ ስለሆነ፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን፣ የእናትየው ድርሻ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የሟች ውርስ ነው። ሟች ሳይናዘዙ ከሞቱ ደግሞ ውርሱ በእኩል የሚከፈለው ለልጆቻቸው ሲሆን፣ ከሌላ እናት የተወለደ ልጅም ከቤት ልጆች እኩል ይወርሳል። ከሁለቱ የቤት ልጆች በተጨማሪ ሟች ከጋብቻ በፊት የወለዱት አንድ ልጅ ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመላው ቤት አንድ ስድስተኛ ነው። እናትየው ሊናዘዙ የሚችሉት በራሳቸው ግማሽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ «ቤቴን በሙሉ ለእገሌ» የሚል ኑዛዜ ጽፎ መስጠት ልጆቹን ለረጅም ክርክር መዳረግ ነው። ትክክለኛው አካሄድ በመጀመሪያ የአባትየውን ውርስ ማጣራትና መከፋፈል፣ ወይም ቢያንስ በኑዛዜው ላይ «በዚህ ቤት ላይ ያለኝን የግማሽ ድርሻ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ነው።

ከዚሁ ጋር ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በሕጋችን ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆኑም። የጋራ ንብረቱን ግማሽ ይወስዳሉ እንጂ በሟች ግማሽ ላይ የውርስ መብት የላቸውም። በመሆኑም አብሮት ያረጀችው ሚስቱ ከእሱ በኋላ ከቤቱ እንዳትወጣ የሚፈልግ ሰው ይህን በኑዛዜ መግለጽ አለበት። ቤቱን ለልጆቹ አውርሶ ለሚስቱ ዕድሜ ልኳን የምትኖርበት የአላባ መብት መተው ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማ መንገድ ነው።

የቀበሌ ቤት ጉዳይ በአጭሩ የሚያልቅ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ በመንግሥት እጅ የገባ ቤት ተከራይ፣ አርባ ዓመት ቢኖርበትም፣ ቤቱን ሊያወርስ አይችልም፤ ጠበቃው ይህን በኑዛዜ ላይ ለማስፈር መስማማት የለበትም። የጡረታ አበልም እንዲሁ በኑዛዜ አይተላለፍም፤ ለተተኪዎች የሚከፈለው በጡረታ ሕጉ መሠረት ነው።

ፎርሙን መጠበቅ

ሕጉ የሚያውቃቸው ኑዛዜዎች ሦስት ናቸው። በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ሞት መቃረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚነግረው ሲሆን፣ ከቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከሚመለከት የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ጉዳይ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ከማይበልጡ ስጦታዎች አያልፍም፤ ተናዛዡ ከተረፈ ከ3 ወር በኋላ ይቀራል። ስለዚህ «አባባ ሲያጣጥሩ ቤቱን ለእኔ ነው ያሉት» የሚል ክርክር፣ ስንት ሰው ቢመሰክርበትም፣ ቤት አያስገኝም። ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ በአዋዋይ (ውልና ሰነድ በሚያረጋግጥ ሹም) ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ውድቅ ይሆናል። ለአረጋውያን እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን፣ በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው።

ይህን ኑዛዜ ጠበቃው በተናዛዡ ቃል ሊጽፈው ይችላል። ዋጋ የሚያገኘው ግን በቁጥር 881 እንደተደነገገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ሲነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ ሲገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ሲፈርሙ ወይም የጣት አሻራቸውን ሲያኖሩ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ፣ አዋዋይ ወይም መዝገብ ያዥ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። «መነበቡ በኑዛዜው ውስጥ ሲገለጽ» የሚለውን ሐረግ በጥብቅ መያዝ ያስፈልጋል። ኑዛዜው በእውነት ተነቦ ሳለ መነበቡ ካልተጻፈ ፈራሽ ይሆናል፤ በፍርድ ቤት ምስክር ጠርቶ ጉድለቱን መሙላት አይቻልም። በመጨረሻው ገጽ ከፊርማዎቹ በላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ ሊኖር ይገባል፦ «ይህ ኑዛዜ ከዚህ በታች ስማችንና ፊርማችን በሚገኘው በእኛ በአራት ምስክሮችና በተናዛዥዋ ፊት ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦ፣ ተናዛዥዋ ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው ፈርመዋል፤ እኛም ወዲያውኑ ፈርመናል።»

ንባቡ የሚካሄደው አራቱም ምስክሮች ተሟልተው በተቀመጡበት ነው። አንዱ ምስክር ዘግይቶ ከደረሰ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መነበብ አለበት፤ «ቅድም አንብበናል፣ አንተ ፈርም ብቻ» ማለት ኑዛዜውን ማፍረስ ነው። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚረዱ መሆን አለባቸው፤ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰውም ሆነ የተጠቃሚ ባል ወይም ሚስት ባይመሰክሩ ይሻላል። በአገራችን የንስሐ አባትን፣ የዕድር ዳኛን ወይም ቀረቤታ ያላቸውን ጎረቤቶች መጥራት የተለመደ ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ከአረጋዊው በዕድሜ የሚበልጡ አራት ሽማግሌዎች ብቻ ከመሰከሩ፣ ጥያቄ በሚነሣበት ቀን የሚናገር ላይኖር ይችላልና ሁለቱ እንኳ ወጣት ቢሆኑ ይመረጣል።

ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረን እንናዘዝ ይላሉ። የሐሳቡ ፍቅር የሚያስከብር ቢሆንም፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ያደረጉት ኑዛዜ በቁጥር 858 መሠረት ፈራሽ ነው፤ በየግላቸው ሁለት ሰነድ ይዘጋጅ።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ወላጅ ሲመጣ ጠበቃው በትዕግሥት ሊያዳምጠውና ቢቻል ንዴቱ እስኪበርድ ሊያቆየው ይገባል። ውሳኔው ከጸና ደግሞ በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መግለጽ የግድ ነው፤ ልጅን በዝምታ፣ ስሙን በመተው፣ መንቀል አይቻልም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው የተጠቀሰው ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ስለሆነ፣ «ስላስቀየመኝ» ከማለት ይልቅ የተፈጸመውን ድርጊት ለይቶ ማስፈር ያስፈልጋል።

ስጦታና ውክልና

«ከምሞት በኋላ ከሚጣሉ አሁኑኑ በስም ላዛውርላቸው» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ስጦታ እንደ ኑዛዜ በፈለጉ ጊዜ የሚሽሩት ሰነድ አለመሆኑን ደንበኛው በሚገባ እስኪረዳ ድረስ ማስረዳት የጠበቃው ግዴታ ነው። ቤታቸውን ሰጥተው በስተርጅና የልጅ ፊት የሚያዩ እናቶች አሉና፣ ስጦታ የግድ ከሆነ ሰጪዋ ዕድሜ ልካቸውን የአላባ መብት እንዳላቸው በውሉ ይጻፍ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የተደነገገውን ፎርም መከተል እንዳለበት ቁጥር 2443 ስለሚያዝ፣ ከላይ ስለ ንባብና ስለ ምስክሮች የተባለው እዚህም ይሠራል። ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በቤተሰብ ሕጉ እንዳለባቸውም መንገር አይጎዳም፤ ቤቱን ካልሰጠኋቸው አይጦሩኝም ብለው የሚፈሩ አሉ።

ውክልናን በተመለከተ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ አይበቃም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ የቤት ኪራይ እንዲሰበስብላቸውና ባንክ እንዲሄድላቸው ብቻ የሚፈልጉ አባት፣ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉ ቃላት በተለምዶ የሚታተሙበትን ቅጽ እንዲሁ መፈረም የለባቸውም፤ ጠበቃው ቃል በቃል ያንብብላቸው፣ የማይፈልጉትንም ይሰርዝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ስለሚያበቃ፣ በኑዛዜ ፋንታ ውክልና ሰጥቶ ተረጋግቶ መቀመጥ አይቻልም።

ማስቀመጥና ማደስ

የጠፋ ኑዛዜ ይዘት በምስክር ሊረጋገጥ አይችልም፤ ዋናው ሰነድ፣ ወይም ሰነዱ ተቀምጦበት የነበረው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ትክክለኛነቱን ያረጋገጠው ግልባጭ መቅረብ አለበት። በሣጥን ውስጥ ወይም በአንድ ልጅ እጅ ማኖር ስለማይበቃ፣ ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» በሚለው የፌዴራል የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ጠበቃውም የተቀመጠበትን ቦታና ቀን በፋይሉ ይያዝ፤ አረጋዊው የሚያምኑት አንድ ሰውም ይዘቱን ሳይሆን የሚገኝበትን ስፍራ ይወቅ። ተናዛዡ ሲያርፉ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ የሚጠይቁት ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ሟች ሙስሊም ከሆኑና ወገኖቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ስለሚችል፣ የቤተሰቡን ፍላጎት በሕይወት እያሉ መጠየቅ ይጠቅማል።

ቤቱ በልማት ተነሥቶ ምትክ ከተሰጠ፣ ልጅ ከተወለደ ወይም ከሞተ፣ ፍቺ ከተፈጸመ ኑዛዜው እንደገና ይታይ። አዲስ ሲጻፍ ደግሞ መጀመሪያው አንቀጽ የቀድሞውን በቀኑ ጠቅሶ «ሙሉ በሙሉ ሽሬዋለሁ» ይበል፤ ሁለት ኑዛዜ ጎን ለጎን ሲገኝ የትኛው በየትኛው ክፍል እንደጸና ወራሾቹ በክርክር እንዲፈልጉ መተው የለበትም።