ዱባይ ቤት ከመያዛችሁ በፊት

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሥራ ወደ ዱባይ የምትሄዱ፣ ቤት ስትመርጡ ኪራዩን ብቻ አትዩ። የዱባይ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን የዱባይ ሜትሮ ሻርጃ አይደርስም፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ መንገዱ ክፉኛ ይጨናነቃል። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ መውረድና መውጣት ራሱ ጉልበት ይጨርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘመድ ጋ እረፉ። የዓመት ውል አትፈርሙ። በሥራ ቀን፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ካሰባችሁት ሰፈር እስከ መሥሪያ ቤታችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት። እሑድ ጠዋት ብትሞክሩት ግን ያታልላችኋል።

ዱባይ ውስጥ ስትከራዩ ውሉ ኢጃሪ በሚባለው የዱባይ መንግሥት የኪራይ ውል መመዝገቢያ ላይ መመዝገቡን ሳታዩ ብር አትስጡ፣ አደራ።