ከቫን ኑሮ ወደ ኦፍ ግሪድ መሬት ስትገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ በቫን ወይም በአርቪ (መኖሪያ ቤት ሆኖ በተሠራ መኪና) እየተዘዋወሩ መኖር ብዙ ሰው ሞክሮታል። ኪራይ የለም፣ የመብራት ቢል የለም። ግን ይደክማል። ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ በነጻ ማደር ይቻላል፤ ሆኖም አብዛኛው ቦታ ከ14 ቀን በላይ አያስቆይም። ከዚያ ዕቃ ሸክፎ ሌላ ቦታ ፍለጋ ነው። ይሄ ሲደጋገም "ለምን ርካሽ መሬት ገዝቼ፣ ሶላር ተክዬ አንድ ቦታ አልቀመጥም?" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ኦፍ ግሪድ የሚባለው ይሄ ነው፤ ከመብራትና ከውሃ መስመር ሳይገናኙ በራስ መኖር። ከትራክ ሾፌር ወገኖቻችን መካከልም ይህን የሚያነሱ አሉ። ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ እያደረ ለማይተኛበት አፓርታማ የሚከፍል ሰው ቢያንገበግበው አይፈረድበትም።

ሐሳቡን እደግፋለሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ሰው የመንገድ ልማዱን ይዞ መሬት ሲገባና ያጠራቀመውን ሲያጣ ማየት ነው። መንገድ ላይ ውሃ ቢያልቅ፣ ቢበርድ፣ ሰው ቢያስቸግር ሞተር አስነስቶ መሄድ ነው። መሬት ተነስቶ አይሄድም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

"የገዛ መሬቴ ነው፣ ማን ይናገረኛል" ማለት

ይናገሯችኋል። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ይናገራችኋል። ብዙ ካውንቲዎች በራሳችሁ መሬት ላይ እንኳ በአርቪ ውስጥ በዓመት ከተወሰነ ቀን በላይ እንድትኖሩ አይፈቅዱም። ቋሚ ኑሮ ከሆነ ደግሞ ሴፕቲክ (መሬት ውስጥ የሚቀበር የፍሳሽ ማጠራቀሚያ)፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የውሃ ምንጭ ይጠይቃሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ሳን ሉዊስ ሸለቆ፣ ኮስቲያ ካውንቲ፣ 5 ኤከር መሬት በርካሽ ስለሚገኝ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ካውንቲው ደንቡን ማጥበቅ ሲጀምር ሴፕቲክ ሳይኖራቸው ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ከባድ ውዝግብ ተነስቶ ነበር። በአንጻሩ አሪዞና ውስጥ ኮቺስ ካውንቲ 4 ኤከርና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ቤቱን ራሱ ሲሠራ ያለ ግንባታ ቁጥጥር እንዲሠራ የሚያስችል አማራጭ አለው። ያም ሆኖ ሴፕቲኩ አይቀርም። ቴክሳስ ውስጥ ብዙ የገጠር ካውንቲዎች የግንባታ ደንብ ባይኖራቸውም ስለ ፍሳሽ ግን ይጠይቃሉ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመሬቱን ቁጥር ይዛችሁ የካውንቲውን የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ቢሮ ጠይቁ። እየሠራሁ በአርቪ ስንት ጊዜ መኖር እችላለሁ? ሴፕቲክ ግዴታ ነው? ኮምፖስት ሽንት ቤት ይፈቀዳል? ጉድጓድ ማስቆፈር እችላለሁ? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። የሻጩን ወሬ አትመኑ፤ እሱ ሸጦ ይሄዳል፣ እናንተ ትቀራላችሁ።

ውሃን ለኋላ ማቆየት

ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው። ቫን ውስጥ የሚኖር ሰው በቀን በጥቂት ሊትር መኖርን ስለለመደ መሬትም ላይ የሚበቃው ይመስለዋል። አማካይ አሜሪካዊ ግን ቤቱ ውስጥ በቀን ወደ 300 ሊትር ይጠቀማል። እናንተ ቆጥባችሁ ሩቡን ብትጠቀሙ እንኳ ባልና ሚስት በሳምንት ከ1,000 ሊትር በላይ ትፈልጋላችሁ። ዶሮና ጎመን ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው።

"በፒክአፕ አመላልሳለሁ" የሚል ብዙ ነው። በብረት ፍርግርግ የታቀፈውን፣ 275 ጋሎን የሚይዘውን ነጭ የፕላስቲክ ታንክ ታውቁታላችሁ። ሲሞላ ውሃው ብቻ ከ1,000 ኪሎ ይበልጣል። ተራ ፒክአፕ ይህን ጀርባው ላይ ጭኖ በኮረኮንች መንገድ ቢሄድ ሞላው ይሰበራል፣ ፍሬኑ አይይዝም። ወይ ጠንካራ ተጎታች፣ ወይ ግማሽ እየሞሉ ደጋግሞ መመላለስ ነው። ነዳጁንም አስሉት።

ቦቴ ቢያመጣላችሁም ቦቴው ከየት እንደሚቀዳ ጠይቁ። አሪዞና ውስጥ ስኮትስዴል አጠገብ ያለው ሪዮ ቨርዴ ፉትሂልስ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች መንደር ነው። ብዙዎቹ ውሃቸውን በቦቴ ከስኮትስዴል ያስቀዱ ነበር። የኮሎራዶ ወንዝ ድርቅ ሲጠና ከተማዋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለቦቴዎቹ መስጠት አቆመች። ወራት ሙሉ ሰው ሽንት ቤቱን በዝናብ ውሃ እያወረደ፣ ዋጋው ከተሰቀለ ውሃ ጋር ሲታገል ከረመ። ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው ይህ ከደረሰበት በረሃ ውስጥ ብቻውን ያለውን ገምቱት።

ጉድጓድም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። አሪዞና ውስጥ ዊልኮክስ አካባቢ ትልልቅ እርሻዎች የከርሰ ምድሩን ውሃ ስለሚስቡ የቤት ጉድጓዶች ደርቀዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ35 ኤከር በታች ለሆነ መሬት የሚሰጠው ፈቃድ ብዙ ጊዜ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ስለሆነ ጎመን ማጠጣት አይቻልበትም። የዝናብ ውሃም እዚያው ስቴት ለአንድ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ያም የተፈቀደው በ2016 ነው። አሪዞና በዚህ አይጨክንም። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። ትልቅ ታንክ ካላችሁ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጥለውን ማጠራቀም ያዋጣል።

መንገዱንና ወረቀቱን አለማጣራት

ካርታ ላይ መንገድ ስላለ ብቻ የማለፍ መብት አላችሁ ማለት አይደለም። የሰው መሬት አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ በጽሑፍ የተመዘገበ የመተላለፊያ መብት ይኑር። ኩዊትክሌም በሚባለው ውል የምትገዙ ከሆነ ሻጩ "ያለኝን መብት ሰጥቻለሁ" ነው የሚላችሁ፤ ምንም ላይኖረው ይችላል። ታይትል ካምፓኒ (የባለቤትነት ሰነድ የሚያጣራ ድርጅት) ያጣራላችሁ፣ ከዕዳና ከግብር ነጻ መሆኑን ይመልከትላችሁ። ለዚህ የምትከፍሉት አይቆጫችሁም።

የቫን ሶላር ቤት ይበቃል ብሎ ማሰብ

ስልክ፣ መብራትና ትንሽ ፍሪጅ አንድ ነገር ነው። እንጀራ ሌላ ነው። የእኛ ሰው የሚጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከጋገራችሁ 100 አምፒር ሰዓት የሆነው የ12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሊሟጠጥ ይችላል። ወይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጋግሩ፣ ወይ በጋዝ። ቤት በሶላር ማሞቅንማ እርሱት።

ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ይበላሻል። ቫን ውስጥ እናንተ ስለምትሞቁ እሱም ይሞቃል፤ ውጭ ሼድ ውስጥ ግን ይቀዘቅዛል። ፓኔሉንም ጣሪያ ላይ አታስተኙት። ወደ ደቡብ አዙራችሁ ቀና አድርጋችሁ አቁሙት፤ የዲሴምበርን ዝቅተኛ ፀሐይ ያገኛል፣ በረዶም ይንሸራተትለታል።

በግንቦት አይቶ መግዛት

ሳን ሉዊስ ሸለቆ ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል። ብርዱ ግን አይገናኝም፤ ጃንዋሪ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ናፍጣ ይረጋል። አሪዞና ደግሞ የሐምሌ ዝናብ የአፈር መንገዱን ጭቃ ያደርገውና ለቀናት ሊያግታችሁ ይችላል። መሬቱን በክፉ ወሩ እዩት። ቫኑ ያለው ለዚህ ነው፤ ሳትገዙ በፊት አካባቢው ሄዳችሁ ክረሙ። ከገዛችሁም በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታልፉ ቫኑን አትሽጡት።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ከሰል እቤት ውስጥ እንዳታስገቡ። ፕሮፔን ማሞቂያም ቢሆን አየር የሚገባበት ቀዳዳና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ሳይኖር አይለኮስ። ከሰል ጭሱ ሲጠፋ ደህና ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም።

ሰው አያስፈልገኝም ማለት

በቫን ከሚዘዋወሩት ብዙዎቹ የብርዱን ወራት አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት በረሃ ላይ ተሰባስበው ነው የሚያሳልፉት፤ ጎረቤት አይጠፋም። መሬታችሁ ላይ ስትቀመጡ ግን አምቡላንስ አንድ ሰዓት ሊርቅ፣ ስልክ ላይሠራ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት አካባቢው ላይ የሚኖሩትን ሄዳችሁ አናግሩ። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ መንገድ ማን ይጠርጋል ብላችሁ ጠይቁ፤ የሻጩን ማስታወቂያ መቶ ጊዜ ከማንበብ ይሻላል። ገጠር ውስጥ እሳት የሚያጠፉት ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የት እንደሆኑ እወቁ፣ አቅሙ ካላችሁም ተመዝገቡ። መግቢያችሁ ላይ የቤት ቁጥራችሁን በሌሊት በሚያበራ ቀለም በትልቁ ጻፉ፤ አምቡላንስ በጨለማ የሚፈልገው እሱን ነው።