ወፎችን ለማየትና ነፍሳትን ፎቶ ለማንሳት በቁጥቋጦ መካከል እንዴት ይዋላል?

የዚህን ቀን መርሐ ግብር የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። ወፎች በብዛት የሚዘምሩትና ምግብ ፍለጋ የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ከቀደደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ውስጥ ገብተው ጸጥ ይላሉ። ነፍሳት በበኩላቸው የሰውነታቸው ሙቀት በአብዛኛው በአካባቢው ሙቀት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በማለዳ ደንዝዘው ሣርና ቅጠል ላይ ይቆያሉ፤ ሲሞቃቸው ደግሞ ሰው ገና ሳይጠጋቸው ይበራሉ። ብዙዎች ጠዋቱን ሙሉ ለወፍ፣ ቀትሩን ለነፍሳት ይመድባሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህ አመዳደብ የነፍሳትን ምርጥ ሰዓት ያባክናል። ከንጋት ጀምሮ ወፎችን ይመልከቱ፤ ጤዛው ሳይደርቅ ወደ ነፍሳት ይዙሩ፤ ወፎች እንደገና ለሚንቀሳቀሱበት ለአመሻሹም ጉልበት ያስቀሩ።

ደብዛዛ ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ፤ መዥገር እንዳይወጣብዎ የሱሪዎን ግርጌ ካልሲ ውስጥ ያስገቡ። ውኃና ኮፍያ መያዝ እንደማይረሱ እገምታለሁ። ባይኖኩላር (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የሁለት ዓይን መነጽር) የሚገዙ ከሆነ 8 በ42 የተባለውን ይምረጡ። 8 የሚያጎላበት መጠን፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፍራም አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው።

ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙና መጀመሪያ ያዳምጡ። ወፏን በዓይንዎ ካገኟት በኋላ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያንሡ፤ ጎንበስ ብለው መሣሪያውን ካዩ ቅርንጫፉ ይጠፋብዎታል። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ ወፎችን መጥራት የተለመደ አቋራጭ ቢሆንም አልደግፈውም፤ በተለይ በመራቢያ ወቅት ወፉ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ትቶ ይወጣል። ጎጆ ካዩም ሳይጠጉ ይለፉ።

አስቸጋሪው ሥራ የነፍሳት ፎቶ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ፎከስ፣ ማለትም ምስሉ ጥርት እንዲል ማስተካከል። አንድን ጥንዚዛ በማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ በሚያነሣ ሌንስ) በ1 ለ 1 መጠን፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስል ከራሱ ከጥንዚዛው እኩል ሆኖ ሲያነሡ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 11 ቢያጠቡት እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በትንፋሽዎ ብቻ ከዚያ በላይ ይወዛወዛሉ። አውቶማቲክ ፎከስ በዚህ ርቀት ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ጥንዚዛው ይሄዳል፤ ስለዚህ ያጥፉት። በሌንሱ የፎከስ ቀለበት የሚፈልጉትን የምስል መጠን አስቀድመው ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አይንኩ። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ወይም መሬት ላይ አስደግፈው ገላዎን በጣም በዝግታ ወደ ፊት ያስጠጉ፤ የጥንዚዛው ዓይን ሊጠራ ሲል በተከታታይ ያንሡ። ከብዙዎቹ ፎቶዎች አንዱ ዓይኑ ላይ ያረፈ ይሆናል፤ ዓይኑ ያልጠራ ፎቶ ሌላው ክፍል ቢያምርም እምብዛም አይጠቅምም። ነፋስ ካለ ጥንዚዛው ያረፈበትን ተክል ግንድ በግራ እጅዎ ጣቶች ይያዙና ሌንሱን በዚያው እጅ ላይ ያሳርፉ፤ ካሜራውና ጥንዚዛው አብረው ይወዛወዛሉ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ለዚህ ሥራ ሸክም ነው፤ እግሮቹን እስኪዘረጉ ሣሩ ሁሉ ይነቃነቃል።

ሲጠጉ ዝቅ ብለው ይሂዱ፤ ነፍሳት ድንገተኛ እንቅስቃሴን በፍጥነት ስለሚያዩ፣ ጥላዎም እንዳያርፍባቸው ይጠንቀቁ። ክንፉን አጥፎ የተቀመጠን ቢራቢሮ ከጎን ሲያነሡ የካሜራውን ጀርባ ከክንፉ ጋር ትይዩ ያድርጉ፤ ያኔ ያች ቀጭን ጥራት ክንፉን በሙሉ ትሸፍናለች። ፍላሽ ካለዎት በነጭ ስስ ወረቀት ጋርደው ይጠቀሙ፤ ብልጭታው እጅግ አጭር በመሆኑ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል። ነፍሳትን ይዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አደንዝዞ ማንሳትን የሚመክሩ አሉ። የማለዳው ብርድ ይህንኑ በነጻ ስለሚሠራ ፍጥረቱን ማሠቃየት አያስፈልግም፤ በዚያ መንገድ የተነሣ ፎቶም የእግሮቹ አቀማመጥ ያሳብቅበታል።

አንድን ዝርያ በአንድ ፎቶ መለየት ብዙ ጊዜ ስለማይቻል፣ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ያንሡ፤ የተቀመጠበትን ተክልም ለብቻው ያንሡት። ወፎቹን ኢበርድ (eBird) ላይ፣ ነፍሳቱን አይናቹራሊስት (iNaturalist) ላይ ከቀንና ከቦታ ጋር ይመዝግቡ፤ ሁለቱም ሰዎች ያዩትን ፍጥረት የሚመዘግቡባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ናቸው። የአይናቹራሊስት መተግበሪያ የሚገምተውን ስም ወዲያው አይቀበሉ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ «ጥንዚዛ» ብለው ብቻ ቢተዉት፣ ዘርፉን የሚያውቁ ሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርያውን ሊለዩልዎ ይችላሉ።