በግቢ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ መሪ የመታሰቢያ ድንጋይ ማቆም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አካባቢ

ዩኒቨርሲቲን ለረጅም ዘመን ለመሩ ሰው መታሰቢያ ሲታሰብ ኮሚቴው አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ ዋጋ ይነሳል። መነሳት ያለበት ከጽሑፉ ነው። የተናደ መሠረት ይጠገናል፤ ተሳስቶ የተቀረጸ ስም ግን ድንጋዩን ሙሉ ያስጥላል።

ስሙን ባለቤቱ ራሳቸው እንደሚጽፉት ጻፉ። ኃይሉና ሃይሉ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ቤተሰብ ግን አንድ አድርጎ አያያቸውም። ወሎ ላይ ደግሞ ሰኢድና ሰይድ የተለያዩ ስሞች ሆነው ሳለ ጸሐፊ ያምታታቸዋል። ረቂቁን ባለመታሰቢያው ወይም የቅርብ ቤተሰብ አንብቦ ይፈርምበት።

ቀጥሎ ዘመኑ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ በሁሉም ዓመት ላይ 8 መደመር የተለመደ ስህተት ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. የተሾመ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተሾመው በ2010 ነው፣ የአውሮፓው አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ 7 ስለሆነ። በሰኔ 2012 ከለቀቀ ግን 8 ተደምሮ 2020 ይሆናል። በተጠባባቂነት የቆዩበት ጊዜ ካለ ይቆጠር አይቆጠር ቀድማችሁ ወስኑ። የተቋም ስምም ይለወጣል፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ አለማያ ነበር። የተማሩበትን ወይም የሠሩበትን ቦታ በዘመኑ ስም ጻፉት።

ለ50 በ70 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ስሙ በ4 ሴንቲ፣ ሌላው በ2 ሴንቲ ፊደል ቢቀረጽ ከ3 ሜትር ርቀት ይነበባል። በዚህ ልክ ከ40 ቃል በላይ አይያዝም፤ የሥራ ልምዱን በሙሉ መደርደር የሚፈልግ ኮሚቴ መጽሔት ያሳትም። ፋይሉን ለቅርጽ ቤት ስትሰጡ ፊደሉ ወደ መስመር ቅርጽ የተለወጠ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሥዕል የሚከፈት ይሁን፤ ካልሆነ የነሱ ኮምፒውተር በአማርኛው ፈንታ ባዶ ሳጥን ሊያወጣ ይችላል። ቀጭን ፊደል አትምረጡ። የሬና የቤ ቀለበት ቀዳዳ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ይፈረፈራል፣ ቤ ተብሎ የተቀረጸውም በ ሆኖ ይነበባል። ለጽሑፉ ግራናይት ይሻላል፣ ግን ያልተወለወለውን፤ እንደ መስታወት የሚያበራው ከጽሑፉ ይልቅ የአንባቢውን ፊት ያሳያል። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ለማቆሚያው (ጽሑፉ ለሚሰቀልበት የአርማታ ዓምድ) ልባስ ያምራል። የነሐስ ሰሌዳ ከመረጣችሁ ጥበቃ ባለበት ቦታ ይሁን፤ ተነቅሎ ለቆራሌ ሊሸጥ ይችላል።

ከመቅረጹ በፊት ጽሑፉን በልኩ በወረቀት አሳትሙና ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ቦታው ላይ አቁሙት። ጠዋትና ከሰዓት እዩት። ስህተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ቦታው በግቢው ፕላን መሠረት የውሃ ቧንቧም ኬብልም የማያልፍበት ይሁን። ደሴ ተዳፋት ስለሆነች ከላይ በኩል ቦይ ካልተቀደደ የክረምት ጎርፍ የመሠረቱን ሥር ይበላል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ዋልካ አፈር ካጋጠማችሁ አደጋው ሌላ ነው፤ ዋልካ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ማቆሚያውንም ያዘምመዋል።

1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 80 ሴንቲ ጥልቀት ቆፍሩ። ዋልካውን አውጥታችሁ 40 ሴንቲውን በጠጠራማ ሙሌት፣ በሁለት ንብብር እየደቀደቃችሁ ሙሉት። 5 ሴንቲ ስስ አርማታ፣ በላዩ 25 ሴንቲ ባለ ፌሮ አርማታ፣ ከዚያ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ20 የሚወጣ 60 በ40 ማቆሚያ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 5 ከረጢት ይበቃል። ግንበኛው ለማቅለል ውሃ ሲያበዛ አስቁሙት፣ ጥንካሬውን የሚገድለው እሱ ነው። የማቆሚያው አናት ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ኋላ 2 ሴንቲ ያዘንብል።

ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊያቋርጣችሁ ይችላል። የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ አርማታው ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ቀን እርጥብ ጆንያ፣ ማታ ፕላስቲክ እያለበሳችሁ ቢያንስ 7 ቀን ጠብቁት፤ ድንጋዩን ለመስቀል 28 ቀን ቆዩ።

3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ያ 50 በ70 ድንጋይ 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ማጣበቂያ ብቻውን አይታመንም። በአራት የማይዝግ ብረት ብሎን እሰሩት። ተራ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን ከማዕዘኑ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው ከጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ይራቅ። የላይኛውንና የጎኑን ክፍተት በሲልከን ድፈኑ፣ የታችኛውን ግን ክፍት ተዉት፤ ከኋላ የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል።

ለምረቃው ቀን መጋረጃው በአንድ ገመድ የሚወርድ ይሁን፤ ገመዱን ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ ሳይሆን ከዋዜማው ሞክሩት።

እጥበት በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። እምነበረድ ከተጠቀማችሁ ሎሚና ኮምጣጤ አታስነኩት፣ አሲዱ ይበላዋል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦዩን ጥረጉ፣ የፊደሉ ቀለም ከለቀቀም ያኔ አድሱት። የቅርጹን ፋይል ከነልኬቱ ለግቢው ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ስጡ፤ ድንጋዩ አንድ ቀን ቢሰበር ኮሚቴው ያኔ ተበትኗል።