ፊቷ ያጎነበሰ የድሮ ፎር ዊል መኪናን በቶርሽን ባር እንዴት ከፍ እናደርጋለን?

የቆየች ፎር ዊል መኪና ከጎን ስትታይ ብዙ ጊዜ ፊቷ አጎንብሷል። ብረቱ ደክሟል። በዚያ ላይ ባለቤቷ ከባድ መከላከያ ወይም ዊንች ጭኖባታል። ትንሽ ጉድጓድ ስታገኝ "ዷ!" ትላለች። ፊቷ በቶርሽን ባር የሚሠራ ከሆነ ግን አዲስ ዕቃ ሳትገዙ ልታነሷት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ከሥር ገብታችሁ እዩ። ፊት ለፊት ባሌስትራ ወይም ሞላ ካገኛችሁ ሥራው ሌላ ነው፣ እዚሁ አቁሙ። ቶርሽን ባር ከፊት ጎማው ክንድ ተነስቶ በሻንሲው ጎን ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ድቡልቡል ብረት ነው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ ሚትሱቢሺ ፓጄሮ አላቸው፣ ኢሱዙ ትሩፐርም አለው። ላንድ ክሩዘር 100 ላይ አለ። መንታዋ በምትመስለው 105 ላይ ግን የለም፤ የእሷ ፊት ሙሉ አክሰል ከነሞላው ነው።

ባሩ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። የኋላ ጫፉ አጭር ክንድ ላይ ተሰክቷል። ያንን ክንድ አንድ ረጅም ቡሎን ይይዘዋል። ቡሎኑን ስታጠብቁ ክንዱ ይዞርና ፊቷ ይነሳል። ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ እሱም አብሮ ከመሬት ይርቃል።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። ቡሎኑ ያንን አያረዝመውም፤ ከታች ቀንሶ ለላይ ይሰጣል እንጂ። መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ብዙ ሰው "አጥብቄው ባሩ ደረቀ" ሲል ትሰማላችሁ። ባሩ አልደረቀም። ጥንካሬው የሚወሰነው በውፍረቱና በርዝመቱ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሚሰማው ኳኳታ ክንዱ የመውረጃ ማቆሚያውን ላስቲክ እየመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ስለዚህ የደከመውን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ጥሩ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትጨምሩም ያስኬዳል። ከ40 በላይ የሚሄድ ሰው ሌላ ወጪ እየጠራ ነው።

አሁን ወደ ልኬት። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የጎማ ንፋሷን አስተካክሉ፣ ከባድ ዕቃ ካለ አውርዱ። ከቸርኬው መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማው ንፋስና እርጅና ያሳስታችኋል። አራቱንም ጎማ ለክታችሁ ጻፉት። "በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ" ማለት አያዋጣም፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ይምታታል።

ቡሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸው። ለዓመታት ጭቃ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። ከዳዶው ውጭ የሚታየውን ጥርስ በሚሊ ሜትር ለኩ፣ በቀለምም ምልክት አድርጉ። ነገሩ ካላማራችሁ የምትመለሱበት ቦታ እሱ ነው።

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያዙ። ከዚያ ፊቷን ሻንሲው ላይ በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ በሚባለው የብረት መደገፊያ ላይ አስቀምጧት። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ በፍጹም። የፊት ጎማዎቹ መንጠልጠል አለባቸው፤ ባሩ ሸክሙ የሚቀልለት ያኔ ነው። ክብደቷ ጎማው ላይ እያለ ቡሎኑን ብትታገሉት ጥርሱን ትበሉታላችሁ። ጎማው ተንጠልጥሎም ቢሆን ባሩ ውስጥ ጉልበት አለ። ቡሎኑን ጨርሳችሁ እንዳትፈቱት።

መቆለፊያ ዳዶ ካለው አላሉት። ግራና ቀኙን እኩል፣ ሁለት ሁለት ሙሉ ዙር አጥብቁ። አውርዷት።

አሁን ለመለካት እጃችሁን ያሳክካችኋል። ቆዩ! እኔ መጀመሪያ ስሞክር ከክሪክ እንዳወረድኳት ለካሁና "እንዴት ያለ ባለሙያ ነኝ" አልኩ። በነጋታው ስነሳ ግማሹ ከፍታ የለም። ነገሩ ቀላል ነው። ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ስትወርድም መሬቱን ቆንጥጠው ይይዟታል። ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድታችሁ፣ መከላከያውን ጫን ጫን አድርጋችሁ ነው መለካት። ያልደረሰ ከሆነ እንደገና አንሱና አንድ አንድ ዙር ጨምሩ። ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ቢለያዩ እንቅልፍ አትጡ። ሰፋ ካለ ግን ዝቅ ያለውን ጎን ብቻ በግማሽ ዙር አስተካክሉ። አንዱን ስትነኩ ሌላውም ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ሁለቱንም ለኩ።

ቡሎኑ ጥርሱን ጨርሶ ፊቷ ካልተነሳ ባሩን አውጥቶ ቦታውን ቀይሮ መሰካት ይጠይቃል። ያንን ለመካኒክ ተዉት። የግራና የቀኝ ባር እንደማይቀያየር ብቻ እወቁ።

ልኩ ሲመጣ መቆለፊያውን አጥብቁና አንዴ ተመልሳችሁ ከሥር ግቡ። ክንዱና የመውረጃ ማቆሚያው ላስቲክ መሃል ክፍተት አለ? መኪናዋ ቆማ ከተነካኩ በዝቶባታል፣ መልሱት። ወደ ጎማው የሚሄደውን የሴሚያስ ዘንግ እዩ። ዘንበል ማለቱ አይቀርም፤ በጣም ካዘነበለ ግን መጋጠሚያው ይበላል፣ ቅባት የያዘው የላስቲክ ሽፋንም ይቀደዳል። የተሰነጠቀ ካለ አሁኑኑ ይቀየር። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩና የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር አረጋግጡ።

አላይመንት ግዴታ ነው። ፊቷ ሲነሳ የጎማው አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ አቅጣጫውም ይዛባል። ይህን የዘለለ ሰው አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት አንድ ጎኑን ብቻ ይላጨዋል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርጉት፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው ያለው።

ከ200 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና እንደገና ለኩ። ትንሽ መውረዷ የተለመደ ነው። አንድ ጎን ብቻ ከወረደ ግን የቡሎኑን ምልክት እዩ፤ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ከሆነ መቆለፊያው አልያዘም ማለት ነው።