ካሜራ ስትሸጡም ስትገዙም እንዳይቆጫችሁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሠርግ ከሚያነሱ ልጆች ጋር ቡና ከጠጣችሁ «ያቺን ሌንስ ባልሸጥኳት!» የሚል አይጠፋም። ስለ ቦዲ (ያለ ሌንስ ስላለው የካሜራው አካል) ግን እንዲህ ሲባል ብዙም አይሰማም። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ጥሩ ሌንስ ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር እጃችሁ መጀመሪያ ሌንሱ ላይ አይረፍ።

1. ከመሸጣችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁን እዩ

የአምናውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። እያንዳንዱ በየትኛው ሌንስ፣ በስንት ሚሊሜትር፣ በስንት አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እንደተነሳ ፋይሉ ላይ ተመዝግቧል። ደንበኛ የወደደውን ተዉትና እናንተ ደጋግማችሁ የምታዩትን ለዩ። አብዛኛው ልትሸጡት ባሰባችሁት ሌንስ የተነሳ ከሆነ ሽያጩ ይቅር።

ርካሿን 50 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሯ 1.8 የሆነችውን ሌንስ እንውሰድ። ትንሽ ናት፣ ስትሸጥም ብዙ አታወጣም። ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ስትገቡ ግን ዋጋዋን ታዩታላችሁ። ብርሃኑ የሚገባው በጠባብ መስኮት ነው። ፍላሽ ደግሞ ጸሎት ይረብሻል። ብዙ ጊዜ ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ዙም አድርጋችሁ 55 ላይ ስትደርሱ አፐርቸሩ 5.6 ላይ ያበቃል። 1.8 ግን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በጧፍ ብርሃን የቆመ ካህን ፊት በአንዱ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ በሌላው ይንቀጠቀጣል። ይህችን ሌንስ ለጥቂት ብር መልቀቅ ያሳዝነኛል።

አሁንም ካመነታችሁ ልትሸጡት ያሰባችሁትን ሌንስ ለአንድ ወር ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ካልፈለጋችሁት ሽጡት። ብሩ ካስቸኮላችሁ ደግሞ አከራዩት፤ ገቢም ያመጣል፣ ንብረቱም ይተርፋል።

2. ወቅቱን ምረጡ

የክርስቲያኑ ሠርግ በዐቢይ ጾም ይቆማል፣ የሙስሊሙም በረመዳን ይቀዘቅዛል። ያኔ ሥራ የጠፋበት ሁሉ ለመሸጥ ይቸኩላል። ጥር ሲቃረብ ነው ካሜራ ፈላጊ የሚበዛው። የምትሸጡ ታህሳስን ጠብቁ፣ የምትገዙ ጾሙን።

3. ስትገዙ በደንብ ፈትሹ

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ይዛችሁ አትዋዋሉ። ወደ ፀሐይ ውጡ።

ሌንሱን ከካሜራው ፍቱና የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ በኩል አሳልፋችሁ እዩ። ጥቂት ብናኝ ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ምንም ቢረክስ ተዉት። ከዚያ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ቆሽሿል፤ ይህ በጽዳት ይለቃል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳችኋል።

ሹተር ካውንቱንም (ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳ የሚያሳየውን ቁጥር) ጠይቁ። ኒከን ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከፎቶው ፋይል ይነበባል። ለብዙዎቹ ካኖኖች ግን የተለየ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ለምሳሌ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሹተር የተሞከረው ለ150,000 ጊዜ ነው። ከዚያ ያለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግን በአዲስ ዋጋ አይገዛም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሠርቶ ማየት ነው። «ወንድሜ፣ የአንድ ቀን ኪራይ ልክፈልህና የቅዳሜውን ሠርግ ልሥራበት። ከተስማማኝ ኪራዩን ከዋጋው ትቀንስልኛለህ» በሉት። በንብረቱ የሚተማመን ሻጭ እሺ ይላል። ቀኑን ሙሉ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትውሉ ክብደቱም ይታወቃል፣ ባትሪው ምሳ ሳይደርስ ማለቁም ይታያል።

4. ከሸጣችሁ በኋላ

የገዢውን ስልክ ያዙ። «ስትሸጠው መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ» በሉት። ደሴ ውስጥ የካሜራ ሰው እርስ በርስ ይተዋወቃል፣ ዕቃውም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የቆጫችሁን ሌንስ መልሳችሁ የመግዛት ዕድል ያላችሁ በዚህ መንገድ ነው፤ ሲደወልላችሁም እንደማንኛውም ያገለገለ ዕቃ እንደገና ፈትሹት።